እግሩ አየር ላይ ቀረ

ጉልበቱ አንድ ነው፣ አልጋውም አንድ ነው፣ ጠዋቱም ያው ነው። የመጀመሪያዋ ተማሪ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለክታ 95 ዲግሪ ብላ ጻፈች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛው ለክቶ 110 አገኘ። ሁለቱም የፊዚዮቴራፒ ረዳትነት ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም አጥንቱን በደንብ ዳስሰው ነው የለኩት፤ የያዙት ጎኒዮሜትርም፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያው፣ አንድ ነው። ክርክሩ የጎኒዮሜትሩ ብሎን ላልቷል፣ አልላላም ወደሚል ሄደ።

ታካሚው ከመንዝ የመጡ አዛውንት ናቸው። የቅልጥም አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ጄሶው ከተፈታላቸው ብዙ አልቆየም። ጊዜው ጥር ነው፤ የደብረ ብርሃንን የጥር ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ስለ ብርዱ መንገር አያስፈልግም። ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጭን ሰቅለው በጀርባቸው ተኝተዋል። ልጅቷ አንድ እጇን ከጭናቸው፣ ሌላውን ከተረከዛቸው ሥር አድርጋ እግሩን እንደገና አነሳችው። «እስቲ እጆችሽን ቀስ ብለሽ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጊያቸው» አልኳት። አደረገች። እግሩ አልተከተላትም። አየር ላይ ቀረ።

«አባቴ፣ እግርዎን የያዙት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ታዲያስ ልጄ፤ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው እንጂ!»

ይህ መልስ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። የጠፉት 15 ዲግሪዎች የተደበቁት እዚያ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ እግሩን አየር ላይ ሲይዝ የፊት ጭኑ ጡንቻ ይሠራል። የዚያ ጡንቻ ሥራ ደግሞ ጉልበትን መዘርጋት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ጉልበቱን ልታጥፍ ስትገፋ፣ አዛውንቱ ሊያግዟት ብለው ሳያውቁት ወደ ኋላ እየጎተቱባት ነበር። ያቆማት የደረቀ መገጣጠሚያ አይደለም፤ ደግነት ነው። ሁለተኛው ተማሪ ተራው እስኪደርስ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ስለቆየ እጁ ሞቋል፤ አዛውንቱም እስከዚያ አልጋውን ለምደውታል። 110 ያገኘው በተሻለ ችሎታ አልነበረም።

በዚያ 95 ቢቀጠል ምን ይሆን ነበር? ወረቀቱ ላይ «መገጣጠሚያው ጠንክሯል» ተብሎ ይጻፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየው ሰዎቹን ሲለምዱ 110 ይለካና «15 ዲግሪ ተሻሽሏል» ይባላል። የሕክምናውን ዕቅድ የሚያወጣው ፊዚዮቴራፒስት በአንድ ሐሰተኛ ቁጥርና በአንድ ሐሰተኛ መሻሻል መካከል ቆሞ ይወስናል። የረዳቱ ድርሻ በሽታውን መሰየም አይደለም፤ ለክቶ፣ መዝግቦ፣ የተለየ ነገር ሲያይ ማሳወቅ ነው። ስለዚህ የረዳት ቁጥር ከተበላሸ ሌላ የሚያቃናው የለም።

«ዘና ይበሉ» ለምን አይሠራም

መማሪያ መጽሐፎች «ታካሚው ጡንቻውን ያላላ» ይሉና ወደሚቀጥለው አንቀጽ ያልፋሉ። እንዴት ብሎ? እኛ አገር ሌላ ሰው ሸክም ሲያነሳ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። አንዱ ማድጋውን በአንድ ወገን ሲይዝ ሌላው ሳይጠየቅ በወዲያኛው ወገን ይገባል። ያንን ሰው አልጋ ላይ አስተኝተን፣ በልጁ ዕድሜ ያለች ተማሪ ከባድ እግሩን ስታነሳለት «እርስዎ ዝም ብለው ይተኙ» ማለት የዕድሜ ልክ ጠባዩን በአንድ ቃል ተው እንደማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ከገጠር የሚመጣው የአጥንትና የጅማት ታካሚ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የወጌሻ እጅ ቀምሷል። የተጎዳ ቦታውን እጅ ሲነካው ሰውነቱ የሚያስታውሰው ጥርስን ነክሶ መቻልን ነው። አፉ «እሺ» እያለ ጡንቻው ግን በሩን ዘግቶ ይጠብቃል።

ስለዚህ ትእዛዙን መቀየር ያስፈልጋል። «ዘና ይበሉ» ሲባል ሰው ዘና ለማለት ይታገላል፤ ትግሉ ራሱ ጡንቻውን ያጠነክረዋል። ከዚህ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት «እግርዎን ይስጡኝ» የሚለው ነው። «አይርዱኝ፣ ሸክሙን ለእኔ ይተዉት፤ ቢከብደኝ እነግርዎታለሁ»። መስጠት ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ሰጥቶ መልሶ መያዝ ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ ያው አዛውንቱን እንዲያግዙ ያደረጋቸው ባህል አሁን እንዲለቁ ያደርጋቸዋል።

ቃሉ ብቻ ግን አይበቃም፤ መፈተሽ አለበት። ደጋፊ እጆችን ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ነው፣ ከዚያ በላይ አይሆንም፤ እግሩ ድንገት ወድቆ ሰውየው ከደነገጠ ያ ቀን አብቅቷል። እግሩ ክብደቱን ይዞ እጅ ላይ ካረፈ ተሰጥቷል። ከዘገየ ወይም አየር ላይ ከቀረ ገና ነው። እንዲህ ሲሆን እግሩን መልሶ አልጋው ላይ ማሳረፍ፣ ሰውየው ረዘም አድርጎ አየር እንዲያወጣ መጠየቅ፣ በትንፋሹ መጨረሻ ላይ እንደገና ማንሳት። አንዳንዴ ሦስት ሙከራ ይፈልጋል። ያ ጊዜ የባከነ እንዳይመስላችሁ፤ ከፈተናው ግማሹ እሱ ነው።

እጅን ማሞቅ ደግሞ እንደ ጨዋነት ብቻ መታየት የለበትም። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበ እጅ የሰው ጭን ሲነካ ጡንቻው ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጡንቻ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ስለ መገጣጠሚያው አይናገርም። ታጥቦ ማድረቅ፣ ማሻሸት፣ የማይለካውን የሰውነት ክፍል መሸፈን። ብርድ ልብስ በሚመረትባት ከተማ በብርድ ልብስ እጦት ፈተና መበላሸት የለበትም።

ዲግሪው ከየት ይነበባል

ወደ ልኬቱ ስንመጣ፣ ለጉልበት መታጠፍ የጎኒዮሜትሩ እምብርት በጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ፣ በውጭ በኩል በሚዳሰሰው ጉብታ ላይ ይቀመጣል። የማይንቀሳቀሰው ክንድ በዳሌ ጎን ወደሚገኘው ትልቅ ጉብታ፣ የሚንቀሳቀሰው ክንድ ወደ ቁርጭምጭሚቱ የውጭ ጉብታ ያመለክታሉ። ሦስቱን ነጥቦች መሣሪያውን ከማንሳት በፊት በጣት ዳስሶ ማግኘት ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪ ክንዱን በሥጋው መሃል በዓይን ገምቶ ይዘረጋዋል፤ ቀጭን እግር ላይ ያዋጣል፣ ያበጠ ወይም ወፍራም እግር ላይ ግን ያሳስታል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው የተሳሳተውን የቁጥር ረድፍ ማንበብ ነው። ጎኒዮሜትሩ በሁለት አቅጣጫ የሚቆጠሩ ቁጥሮች ስላሉት 110 የሆነው 70 ተብሎ ይጻፋል። መፍትሔው ከማንበብ በፊት በዓይን መፍረድ ነው፤ «ይህ ጉልበት ከቀጤ ማዕዘን፣ ከ90 ዲግሪ፣ አልፏል ወይስ አላለፈም?» አልፎ ከሆነ 70 ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ዓይንን በመሣሪያው ልክ ማድረግ ይገባል። ሦስተኛው ዳሌን መርሳት ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት ሲታጠፍ ዳሌም አብሮ እንዲታጠፍ መተው አለበት። በሆድ ተኝቶ ከተለካ ከዳሌ ጀምሮ ጉልበትን የሚሻገረው የፊት ጭን ጡንቻ ስለሚወጠር ቁጥሩ ያንሳል። ሁለቱም ልኬቶች ትክክል ናቸው፣ የሚለኩት ነገር ግን ለየቅል ነው፤ አተኛኘቱን ያልጻፈ ሰው ቁጥሩን አልጻፈም ማለት ይቻላል።

ከቁጥሩ ጎን ለጎን መጨረሻው ላይ እጅ የሚሰማውን ማወቅ አለ። የጤነኛ ሰው ክንድ ሲዘረጋ ክርኑ ላይ አጥንት ከአጥንት ሲገጥም ይሰማል፣ ድንገተኛና ጠጣር ነው። ጤነኛ ጉልበት ሲታጠፍ ባት ከጭን ጋር ተገናኝቶ ለስለስ ብሎ ይቆማል። የደረቀ የመገጣጠሚያ ሽፋን እንደ ወፍራም ቆዳ ጠፍር ነው፤ ጥቂት ይሰጥና እምቢ ይላል። የሚከላከል ጡንቻ ደግሞ ከቦታው አስቀድሞ ያቆማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይላል። የልጅቷ 95 እንደዚህ ዓይነት ነበር፤ እጇ ነግሯታል፣ ጆሮ አልሰጠችውም። ይህ ስሜት የሚለመደው በብዙ ጤነኛ ጉልበቶች ላይ ነው። የክፍል ጓደኞችን፣ ወንድሞችን፣ እናትን፣ አባትን ዓይን ጨፍኖ መዳሰስ፤ ሃምሳ ጤነኛ ጉልበት ያልዳሰሰ እጅ የታመመውን በምን ይለየዋል?

አንድ ሰው ራሱ ደግሞ ደጋግሞ ሲለካ እንኳ እስከ 5 ዲግሪ መለዋወጥ ያለ ነገር ነው። ከ5 ያነሰ ለውጥን «ተሻለው» ብሎ መጻፍ አይገባም። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲለኩ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ቢቻል ያንን ታካሚ ያው ሰው፣ በያው አተኛኘት፣ በያው ሰዓት ይለካው።

110 ለአዛውንቱ ምን ማለት ነው? ከወንበር ለመነሳት ይበቃቸዋል። ደረጃም ይወጡበታል። ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 በላይ ያስፈልጋል። እሳቸው ደግሞ የጠየቁት ስለ ወንበር አልነበረም፤ «ለዐቢይ ጾም እሰግዳለሁ ወይ?» ነው ያሉት። የጤነኛ ጉልበት ልክ 135 ገደማ ነው የሚለው ሠንጠረዥ ትርጉም የሚያገኘው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ነው።

ሲሰጡና ሲከለክሉ

የጡንቻ ጥንካሬ ፈተና የተገላቢጦሹን ይፈልጋል። እዚህ ሰውየው እንዲሰጥ ሳይሆን እንዲከለክል ነው የምንሻው። ደረጃው ከ0 እስከ 5 ነው። 0 ምንም የለም፤ 1 ጣት ሥር ብቻ የሚሰማ የጡንቻ መኮማተር፤ 2 የመሬት ስበት በማያግደው አተኛኘት ሙሉ እንቅስቃሴ፤ 3 ስበትን አሸንፎ ሙሉ እንቅስቃሴ፤ 4 መጠነኛ ተቃውሞ መቋቋም፤ 5 ሙሉ ተቃውሞ መቋቋም። የሁሉም መነሻ 3 ነው። ያለ ተቃውሞ ሙሉውን መንገድ ያልሄደን እግር በእጅ መግፋት ትርጉም የለውም፤ ወደ 2 አተኛኘት መቀየር ነው።

ግፊቱ የሚያርፈው የሚፈተነው አጥንት ታችኛ ጫፍ ላይ ነው፤ ለፊት ጭን ጡንቻ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ። ሁልጊዜ ያው ቦታ መሆን አለበት። ወደ ጉልበት ባስጠጋን ቁጥር ያው ጡንቻ ብርቱ መስሎ ይታያል። ኃይሉ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ድንገት የሚገፋ ተማሪ የሚለካው ድንጋጤን ነው። ትእዛዙም ይለወጣል፦ «አሁን እንዳይሰጡኝ፤ ልወስድብዎት ነው፣ ይያዙት!» ይህ ካልተባለ፣ ብዙ ታላላቆች ተማሪዋን ላለመግፋት ብለው ይለቁላታል፤ ብርቱ እግር 4 ተብሎ ይመዘገባል።

አካሉ ደግሞ ያጭበረብራል፤ ሰውየው ሳይሆን አካሉ። የጎን ዳሌ ጡንቻ ሲፈተን ታካሚው በጎኑ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ ያነሳል። ጡንቻው ደካማ ከሆነ ወገቡን ወደ ኋላ ያንከባልልና በፊት ዳሌ ጡንቻ ያነሳዋል። ስለዚህ አንድ እጅ ወገብን ወደ ፊት ደግፎ ይይዛል፣ የሚነሳው ጭን ከሰውነቱ መስመር ጥቂት ወደ ኋላ ይሆናል። ክንድ ወደ ጎን ሲነሳም ትከሻ ወደ ጆሮ የሚወጣ ከሆነ ሌላ ጡንቻ እየሠራ ነው። ወገብንና ትከሻን አስቀድሞ ሳይደግፉ መግፋት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው፤ መሃል ላይ ይፈታል።

ገደል ሲወጣና ሲወርድ የኖረ የጣርማበር ገበሬ ባትን በእጅ መፈተን ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። በአንድ እግር ቆሞ፣ ለሚዛን ያህል ሁለት ጣቱን ግድግዳ ላይ አድርጎ ተረከዙን ያንሳ። በተለመደው የጡንቻ ጥንካሬ ፈተና አሠራር 5 ለመባል 25 ጊዜ ይጠበቃል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም መመልከት ነው፤ ተረከዙ ዝቅ እያለ ሲመጣ ወይም ጉልበቱ ሲታጠፍ ቆጠራው ያበቃል።

ላክማን

ከሁሉም ተማሪ የሚፈራው ይህንን ነው። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን የሚፈትሸው የላክማን ፈተና በስሙ የተጠራለት ጆን ላክማን አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ነው፤ በጽሑፍ የወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. በጆሴፍ ቶርግና ባልደረቦቹ ነው። አደራረጉ ሲነገር ቀላል ነው። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፣ አንድ እጅ የጭኑን ታችኛ ጫፍ አጥብቆ ያቆማል፣ ሌላው እጅ ቅልጥሙን ከላይኛ ጫፉ ይዞ፣ አውራ ጣት ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጉብታ ላይ ሆኖ፣ ወደ ፊት ይስበዋል። ጤነኛ ጅማት እንደተወጠረ ገመድ «ጥ» ብሎ ያቆማል። የተበጠሰው ማቆሚያ የለውም፣ ለስልሶ ይሄዳል።

የሚያበላሸው የኋላ ጭን ጡንቻ ነው። ቅልጥምን ወደ ኋላ የሚስበው እሱ ነውና፣ ሰውየው ጥቂት ከተጠነቀቀ ጅማቱ ተበጥሶ እያለ ጤነኛ ይመስላል። እዚህ ላይ ያ አየር ላይ የቀረ እግር ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጣት ከጉልበት በስተኋላ ባሉት ሁለት ዘንጎች ላይ ማሳረፍ፣ እንደ ክራር ክር ከተወጠሩ አለመጀመር። እጃቸው ትንሽ የሆነ ተማሪዎች የወፍራም ሰው ጭን መጨበጥ ሲያቅታቸው በጣት ጫፍ ይቆነጥጣሉ፤ ያ ያማል፣ ሕመሙም ጡንቻውን ያነቃዋል። ይልቅ የራስን ጉልበት አልጋው ላይ ሰቅሎ ከታካሚው ጭን ሥር ማድረግ ነው፤ ጭኑ እዚያ ላይ ያርፋል፣ አንዱ እጅ ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ሌላው እጅ ለመሳብ ነፃ ይሆናል።

ሁልጊዜም ደህናው እግር ይቀድማል። ታካሚው ምን እንደሚደረግበት በማያመው እግሩ ያውቃል፣ የእኛም እጅ የእሱን ልክ ያውቃል። በተፈጥሮው ልል የሆነ ሰው አለ፤ ሁለቱም ጉልበቱ እኩል ከተንቀሳቀሰ ያ ብልሽት አይደለም። ቅልጥሙ ከመነሻው ወደ ኋላ ሰምጦ እንደሆነም በጎን ማየት ነው። የኋላው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ከሆነ ቅልጥሙ ከሰመጠበት ሲመለስ ወደ ፊት የወጣ ይመስላል፣ ጤነኛው የፊት ጅማት ያለ ስሙ ይወነጀላል።

አንዳንዱን ጨርሶ አለመንካት ይሻላል። በቅርብ የተሰፋ፣ ያልተጣበቀ ስብራት፣ ወይም በአንድ ወገን ያበጠ፣ የሚያቃጥልና ሲነኩት የሚያም ባት ካለ ፈተናው ይቆማል፣ ኃላፊው ወዲያው ይነገረዋል። ባቱ ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። በተግባር ፈተና ላይ ማዕዘን መሳት ነጥብ ያስቀንሳል፤ ይህንን መሳት ግን ሰው ይጎዳል።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን»

ስለ ሕመም መጠየቅም ልምምድ ይፈልጋል። «ያማል?» ሲባሉ ታላላቆች «ደህና ነው» ይላሉ፤ ለጠያቂው አክብሮት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እነሱ ራሳቸው ያስተማሩን ቢሆንም። ስለዚህ አፍን ሳይሆን ግንባርን፣ የአልጋ ጠርዝ የጨበጠ እጅን፣ የቆመ ትንፋሽን ማየት ነው። ጥያቄውንም «አዎ» ወይም «አይ» ከማያስብል ቦታ መጀመር፦ «የት ላይ ተሰማዎት? በጣትዎ ያሳዩኝ»። እግርን ቀጥ አድርጎ በማንሳት የጀርባ ነርቭ ሲፈተሽ ይህ ልዩነቱን ይወስነዋል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ያው ታካሚው የመጣበት ሕመም ከሆነ ነርቩን ያመለክታል። ከጭን ኋላ መወጠር ብቻ ከሆነ ግን የአጭር ጡንቻ ነገር ነው። ለመለየት እግሩን ሕመሙ እስኪተው ጥቂት ዝቅ አድርጎ የእግሩን መርገጫ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ማጠፍ ነው፤ ሕመሙ ከተመለሰ ነርቩ ነው።

ተነስቶ የመሄድ ፈተናውም እንዲሁ። 46 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ባለ እጀታ ወንበር፣ 3 ሜትር ላይ ምልክት፤ ተነስቶ፣ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መቀመጥ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደ የመውደቅ አደጋ ይታሰባል። በሚያዘወትሩት ጫማ፣ በሚይዙት ዱላ ይሁን፤ ዱላውን አስቀምጦ መፈተን ሌላ ሰው መፈተን ነው። «እንደ ወትሮዎ ይሂዱ» ይባላል፣ «ፈጠን ይበሉ» አይባልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ መዞሪያው ላይ ነው የሚወድቁት፣ ተማሪው መቆም ያለበትም ከጎናቸው፣ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ነው።

የዚያን ቀን ልጅቷ 95ቱን በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ፊርማዋን አድርጋ፣ ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ «ቀኝ ጉልበት፣ በጀርባ ተኝተው፣ ዳሌ ታጥፎ፣ በመርማሪ እጅ ከ0 እስከ 110። መጨረሻው እንደ ጠፍር። ጫፍ ላይ ግንባራቸውን አኮማትረዋል፣ በአፋቸው ግን ደህና ነው ብለዋል። ታካሚው እግራቸውን ራሳቸው ይይዛሉ፤ እስኪሰጡ ይጠበቅ። እጅ ይሙቅ።»